ፈተና ሲራዘምባት የኖረች አገር፣ ማራዘም መጠየቅ የማያውቅ ተማሪ

በተለይ በየዩኒቨርሲቲው የተበተናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ እንደ ክፍል ውስጥ "ቲቸር ሰዓቱ አልቋል" እንዳትሉኝ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

"ቲቸር፣ እማዬ ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ሌሊት 11 ሰዓት መኪና ልሳፈር ነው።"

"እግዚአብሔር ይማራት። ፋይናልሽ መቼ ነው?"

"ሰኞ ይጀምራል። ምን ላድርግ፣ ይቅር በቃ።"

"ለማን ተናገርሽ?"

ዝም አለች። ለዶርም ልጆች ነግራለች። ለዲፓርትመንት የለ፣ ለሬጅስትራር የለ። ሻንጣዋን ሸክፋ ጨርሳለች።

እኔ ይቺን "ይቅር በቃ" በደንብ አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ብያታለሁ፤ ዋጋዋን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። የራሴን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የታሪክ መምህር ነኝና በታሪኩ ልጀምር። ምክንያቱም የእኛ ተማሪ ፈተና ማራዘም እንደሚቻል የማያውቀው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከታሪካችን የወረስነው ነገር አለ።

ቀን ያልነበረው ፈተና

በአገራችን የቆየው ትምህርት ቤት ፈተና ነበረው፤ ግን የፈተና ቀን አልነበረውም። የአብነት ትምህርት ቤትን አስቡት። ድጓ የሚማር ተማሪ ዓመታት ከርሞ ሲበቃ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ ይወጣል። "ማስመስከር" የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይለኛል። ተማሪው የሚያውቀውን በሊቃውንት ፊት አቅርቦ ምስክር የሚያገኝበት ነው። ይህ የሚሆነው ግን "ሰኔ 15 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል" ተብሎ ሳይሆን የኔታ "በቅተሃል" ሲሉ ነው።

ተማሪው ቢታመምስ? አባቱ ቢሞትና ለእርሻ ቢፈለግስ? ዘመኑ ክፉ ሆኖ ቁራሽ ቢታጣስ? ይሄዳል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ የኔታ የደረሰበትን ይጠይቁታል፣ ከዚያው ይቀጽላል። በወሎ የነበሩት ደረሳዎችም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ አንድ ኪታብ እዚህ ሌላውን እዚያ እየቀሩ፣ ሲበቁ ኢጃዛ ይቀበላሉ። "ሴሚስተሩ አልቋል" የሚላቸው አልነበረም።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ረሃብ፣ ውሻና በሽታ ነበር፤ ሄደው ያልተመለሱት ስንቶች እንደሆኑ የቆጠረ የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ሥርዓት ፈተናው ሰውን ይጠብቅ ነበር እንጂ ሰው ፈተናውን አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ "የማራዘሚያ ደንብ" የሚባል ነገር አላስፈለገም።

ደንብ የሚያስፈልገው ቀን ሲቆረጥ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር ቻይና ናት። ቻይናዎች ባለሥልጣን የሚመርጡበት የመንግሥት ፈተና ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በፈረንጆቹ 1905 ነው የቀረው። ፈተናው ቀን ነበረው፤ አንዴ ካመለጠ ደግሞ ለዓመታት መጠበቅ ነው። እናት ወይም አባት የሞተበት ተፈታኝ የ27 ወር ሐዘኑን ሳይጨርስ እንዳይቀመጥ ሕጉ ይከለክለው ነበር። ሐዘኑን ደብቆ የተቀመጠ ይቀጣል። እዚያ ማራዘም መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነበር ማለት ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ባነበብኩ ቁጥር አባቴ ይታወሰኛል።

ሰዓቱ ሲመጣ

ወደ እኛው እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ተከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በ1943 ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ተማሪዎች የለንደኑን ፈተና ይወስዱ ነበር፤ በኋላ ነው የራሳችን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና የተተካው። እስከ ዛሬ "ማትሪክ" የምንለው ቃል ከ"ማትሪኩሌሽን" የቀረ ነው።

ከእነዚህ ጋር አብሮ ሴሚስተር መጣ፣ ሬጅስትራር መጣ፣ ግሬድ መጣ። ፈተናው ቀንና ሰዓት ያለው፣ በር የሚዘጋበት ነገር ሆነ። በአንደኛው ሴሚስተር ፈተና ወድቀው ከግቢ የሚሰናበቱትን ታላላቆቻችን "የገና ግራጁዌት" ይሏቸው ነበር። ቀልድ ትመስላለች፤ ግን ከጎጃም ወይም ከሐረርጌ ገጠር ተነስቶ፣ የመንደሩ የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ፣ በጥር ሻንጣ ይዞ የሚመለስን ልጅ አስቡት። ቤተሰብ ምን ይለዋል? ጎረቤት ምን ይለዋል?

ታላላቆቹ ማራዘሚያዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የዘመናዊ ትምህርት ታሪካችንን ያየ ሰው የሚያስገርመው ነገር ፈተናው ስንት ጊዜ እንደተራዘመ ነው። ልዘርዝራቸው።

በ1957 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። የብዙ ወላጆቻችን መምህራን እነዚህ ናቸው። ለአገር ጠቅሟል፤ ለተማሪው ግን ምርቃቱ በአንድ ዓመት ተራዘመ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ጥይት ተተኩሶ ተማሪዎች ሞቱ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ።

ከዚያ ትልቁ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የዕድገት በሕብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ወረዱ። መሠረተ ትምህርት አስተማሩ፣ የመሬት አዋጁን ለገበሬው አስረዱ፣ ማኅበር አደራጁ። የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቆመ። አንድ ትውልድ በሙሉ "ዊዝድሮው" አደረገ ብንል ይቀላል። ትምህርቱ በ1969 ሲመለስ ቀይ ሽብር ደጃፍ ላይ ነበር። መማሪያ ክፍል ውስጥ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች የዚያ ዘመን ሰዎች እስከ ዛሬ ያወራሉ።

በ1983 ደርግ ሊወድቅ ሲል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ብላቴ ማሠልጠኛ እንዲገቡ ተደረገ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ፣ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ብላቴ የነበሩት ልጆች ገሚሱ በእግሩ ኬንያ ገባ፣ ገሚሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፋይናል ሊቀመጡ ሲሉ መሣሪያ የተሸከሙ ልጆች ነበሩ።

በሚያዝያ 1993 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ተቃውሞ በደም ተቋጨ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ተማሪ ታሰረ፣ ወደ ኬንያ የተሰደዱም ነበሩ። ግቢው ተዘጋ።

ግንቦት 22 ቀን 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። ፈተናው ተሰርዞ ሐምሌ ላይ እንደገና ተሰጠ፤ በእነዚያ ቀናት ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና እስከ 2013 አጋማሽ ተራዘመ። እስከዚያው ግን ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበርና የትግራይ ተማሪዎች ሳይቀመጡ ቀሩ። እነሱ የተፈተኑት በ2016 መጀመሪያ ነው። ቁጥሩን በጣታችሁ ቁጠሩት። ትምህርት ሲዘጋ 18 ዓመቱ የነበረ ልጅ ለዚያው ፈተና ሲቀመጥ 21 አልፎታል። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል በግጭቱ የተነሳ የፈተና ቀን ያለፈባቸው ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹን ፊታቸውን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሁሉ ማራዘሚያዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም ከላይ የመጡ ናቸው። በአዋጅ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በግቢው በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ። ተማሪው "ይራዘምልኝ" ብሎ አልጠየቀም፤ "ተራዝሟል" ተባለ። አያቶቻችንም ወላጆቻችንም እኛም የምናውቀው ማራዘም ይሄ ነው። ለሁሉም በአንድ ላይ የሚታወጅ፣ ማንም ማመልከቻ የማይጽፍበት።

ስለዚህ አንድ ልጅ ብቻውን ሲታመም፣ የአንድ ልጅ እናት ብቻዋን ሆስፒታል ስትገባ፣ ምን እንደሚደረግ አናውቅም። ለአንድ ሰው ፈተና ይራዘማል ብሎ ማሰቡ ራሱ ድፍረት ይመስለናል። "ለእኔ ብሎ ማን ያራዝምልኛል?" እንልና ሻንጣ እንሸክፋለን። ደንቡ ግን ተጽፎ በሬጅስትራሩ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል።

የራሴ ታሪክ

ብዙዎቻችሁ "ቲቸር ለምን ዲግሪህን አልጨረስክም?" ትሉኛላችሁ። በቀልድ ነበር የማልፈው። ዛሬ ልመልስ።

ዲፕሎማዬን ከመምህራን ኮሌጅ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ አስተማርኩ፣ ከዚያ የመምህር እጥረት ስለነበር ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩ። ዲግሪዬን በክረምት ፕሮግራም ጀመርኩ። ነገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አሥር ወር ታስተምራለህ፣ ሐምሌና ነሐሴ ተማሪ ትሆናለህ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ፋይናል አምስት ቀን ሲቀረው ከአገር ቤት ተደወለ። "አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና" አሉኝ። በእኛ አገር "ትንሽ አሞታል፣ ና" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በዚያው ሌሊት ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ቀብር፣ ሠልስት፣ ከዚያ እናቴን ጥዬ እንዴት ልሂድ። ፈተናው አለፈ። ለራሴ "የአባት ሞት ነው፣ ማን ይጠይቀኛል፣ ሲመቸኝ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ስመለስ የግሬድ ሪፖርቴ ላይ ኤፍ ተደርድሮ አገኘሁት። ጂፒኤዬ ወርዶ "አካዳሚክ ዲስሚሳል" ተጽፏል። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፋይሌን ገልጠው አዩ፣ ዘጉት፣ እንዲህ አሉኝ። "ልጄ፣ ያኔ አንዲት ገጽ ፎርም ሞልተህ ብትሄድ፣ ወይም በሳምንቱ ሰው ልከህ ብታስገባ ኖሮ ዛሬ ትፈተን ነበር። አሁን ዓመት አልፎታል፤ እኔ ምን ላድርግህ?"

"ለቅሶ ላይ ማን ፎርም ያስባል?" አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ምን ይመልሳሉ? እሳቸውም እውነት አላቸው፣ እኔም እውነት አለኝ። ግን ፋይሉ የሚያውቀው የእሳቸውን እውነት ብቻ ነው።

አያችሁ፣ በ1967 የዘመተው ተማሪ ለምን እንደቀረ ታሪክ ይናገርለታል። በ1983 ብላቴ የገባው ልጅ ለምን ፋይናል እንዳልተቀመጠ አገር ያውቃል። የእኔን የሚናገርልኝ አንዲት ገጽ ወረቀት ብቻ ነበረች። እሷንም አልጻፍኳትም።

እንግዲህ ደንቡ

ከዚያ በኋላ የሴኔት ሌጅስሌሽን እንደ ልቦለድ ነው የማነበው። ሚስቴ ትስቅብኛለች። የጊዜ ገደቡና የፎርሙ ዓይነት ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ አንብቡ። አካሄዱ ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙም አይራራቅም።

1. ፋይናል ብቻ ካመለጣችሁ። በሕመም፣ በቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ለዲፓርትመንታችሁ በጽሑፍ ታመለክታላችሁ። ተቀባይነት ካገኘ ኢንኮምፕሊት ይያዝላችኋል፣ ወይም ሜካፕ ፈተና ትቀመጣላችሁ። ኢንኮምፕሊት ዕድሜ አለው። በተወሰነው ጊዜ ካልተፈተናችሁበት ወደ ኤፍ ይቀየራል። "አይ አለኝ" ብሎ መተኛት አይቻልም።

2. ሴሚስተሩን በሙሉ መቀጠል ካልቻላችሁ። ዊዝድሮዋል ፎርም ትሞላላችሁ። ክሊራንስ ትጨርሳላችሁ፤ የላይብረሪ መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍ፣ የካፌ ካርድ ትመልሳላችሁ። ስትመለሱ ሪአድሚሽን ታመለክታላችሁ። በደንቡ የወጣ ተማሪ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ሳይናገር የጠፋ ተማሪ ግን በመዝገብ ላይ የጠፋ ነው። ልዩነቱ ያቺ ፎርም ናት።

3. ቀን ቁጠሩ። ዊዝድሮው የሚደረግበት የመጨረሻ ቀን አለ፣ ሜካፕ የሚጠየቅበትም አለ፣ ሪአድሚሽን የሚመለከትበትም አለ። የአካዳሚክ ካላንደሩን ፎቶ አንሱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ምክንያት አጥቶ ሳይሆን ቀን አልፎበት ነው።

4. ማስረጃ በሰዓቱ። የታመመ ሰው በታመመበት ቀን ክሊኒክ ይሂድ። ከዳነ በኋላ የሚመጣ የሕክምና ወረቀት ጥርጣሬ ያስነሳል። ሐዘን ከሆነም ከቀበሌ ወይም ከሆስፒታል የሚሰጥ ወረቀት አለ። ለቅሶ ላይ ይሄን ማሰብ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ላኩ።

5. ማመልከቻ በሁለት ኮፒ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱና ያዙ። በቃል "ለኃላፊው ነግሬያለሁ" ማለት አይሠራም። ኃላፊው ይቀየራል፤ ማኅተሙ አይቀየርም።

6. ታምማችሁ አትቀመጡ። "ልሞክረው" ብሎ በትኩሳት ገብቶ ወረቀት ያስረከበ ተማሪ በኋላ "ታምሜ ነበር" ቢል የሚሰማው ማግኘት ይከብደዋል። ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ።

7. በአካል ካልቻላችሁ በሰው። ሌሊት ተደውሎላችሁ ከሄዳችሁ፣ የዶርም ጓደኛችሁ ወይም የሴክሽኑ ተወካይ በጠዋት ዲፓርትመንት ሄዶ ያሳውቅ። እናንተ ደግሞ ከመኪና ላይ ሆናችሁ ለአድቫይዘራችሁ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል። ፎርሙ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይሄንን አንብባችሁ "እንግዲያማ አላጠናሁም፣ ላራዝም" የምትሉ እንዳትኖሩ። "አላጠናሁም" የሚል ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም። ያለ ምክንያት የሚመጣ ሰው ሲበዛ ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ያለው ልጅ ነው የሚጠረጠረው። የውሸት የሕክምና ወረቀት ካስገባችሁማ ጉዳዩ ከፈተና አልፎ ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል።

ስለ ዝግጅቱም ትንሽ

ማራዘም ጊዜ ይሰጣል እንጂ ዕውቀት አይሰጥም። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2015 መጨረሻ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ያሳለፈው 40 በመቶ ገደማ ነው። ተጠያቂው ተማሪው ብቻ ነው አላልኩም፤ እኛም መምህራኑ አለንበት። ግን ፋይናል ሲደርስ ሌሊቱን በቡናና በጫት ቸክሎ ጠዋት ወረቀት ላይ መትፋት የትም እንደማያደርስ ቁጥሩ ነግሮናል።

ከአብነት ትምህርት ቤት አንድ ነገር እንዋስ። እዚያ ተማሪ የተማረውን ከሥሩ ላለው ያስቀጽላል። የኔታ አንድን ልጅ "ገብቶሃል?" ብለው አይጠይቁትም፤ "ለእሱ አስቀጽለው" ይሉታል። ያላወቀው ነገር እዚያው ይጋለጣል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሦስት አራት ሆናችሁ ቻፕተር ተከፋፈሉ፣ ሃንድአውቱን ዘግታችሁ አንዳችሁ ለሌላው አስረዱ። የቆየ ፈተና ፈልጋችሁ በሰዓት ሥሩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ሌሊቱን ተኙ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይሄ ዝግጅት ለማራዘሙም ይጠቅማል። ሴሚስተሩን በሥርዓት የተከታተለ፣ አሳይንመንቱን ያስገባ፣ ሚዱን የተቀመጠ ልጅ "እናቴ ታማለች" ሲል መምህሩ ያውቀዋል። ክፍል ታይቶ የማያውቀው ግን ምክንያቱ እውነት ቢሆንም መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ልጅቷ

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። "ሻንጣሽን አታውርጂ" አልኳት፣ "ግን ሌሊት 11 ሰዓት አትሂጂ። እናትሽ አጠገብ ማን አለ?" አክስቷ አለች። "እንግዲያው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሬጅስትራር በር ላይ ቁሚ። ከዚያ የ5 ሰዓቱን መኪና ያዢ። ስድስት ሰዓት ነው የምትዘገዪው።" አለቀሰች። "ስድስት ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ብትሆንስ?" አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የአባቴን ነገር ነገርኳት። ለተማሪዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የማመልከቻዋ ኮፒ ነው፤ ቀን፣ ቁጥር፣ ክብ ማኅተም። ከሥሩ "ቲቸር መኪና ውስጥ ነኝ" ብላለች። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየሁት።

እናቷ አሁንም ሆስፒታል ናት። የምትጸልዩ ጸልዩላት፣ ዱዓ የምታደርጉም አድርጉላት። ፈተናዋ ግን ይጠብቃታል፤ እንደ ድሮ የኔታ።

ግቢ ያለ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም ካላችሁ ይሄንን ላኩላቸው። ፈተና የሚራዘመው አገር ሲታመም ብቻ እንዳልሆነ፣ እናታቸው ስትታመምም እንደሆነ ይወቁ። የየግቢያችሁን የጊዜ ገደብ በትክክል የምታውቁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለአንድ ልጅ ይተርፋል።

መልካም የፈተና ሰሞን ይሁንላችሁ ልጆቼ።